ውሃውን ማን ይዘዝበት? የባሊ ገበሬዎችና የጃካርታ ትእዛዝ

«ሥልጣን ወደ መሐል ይሰብሰብ ወይስ ወደ ታች ይውረድ?» የሚለውን ክርክር ከሬዲዮም ከቴሌቪዥንም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። አንዱ ወገን «ጠንካራ ማዕከል ከሌለ ሥርዓት አይኖርም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የአካባቢውን ችግር የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱንም ስትሰሟቸው እውነት ያላቸው ይመስላሉ። ታዲያ ማን ልክ እንደሆነ በምን እንለያለን?

ዛሬ ይህን ጥያቄ ከፖለቲካ መድረክ እናውጣውና ወደ ሩዝ ማሳ እንውሰደው። ማሳው ያለው በኢንዶኔዥያ፣ ባሊ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። በ1970ዎቹ እዚህች ደሴት ላይ ማዕከላዊው አሠራርና ያልተማከለው አሠራር ፊት ለፊት ተገናኙ። ማን ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለም በምርት ታየ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ እንቆቅልሹ

እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ራሳችሁን የሩዝ ገበሬ አድርጉ። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ሩዝ ውሃ ይወዳል። በባሊ ደግሞ ማሳው የተሠራው በእሳተ ገሞራ ተራራ ተዳፋት ላይ፣ በእርከን ነው። ወንዞቹ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚፈሱ ገበሬው ወንዙን ከላይ ይጠልፍና ውሃውን በቦይ፣ አንዳንዴም ቋጥኝ ፈልፍሎ በሠራው ዋሻ፣ ወደ እርከኑ ያመጣዋል። ከላይኛው ማሳ የተረፈው ውሃ ወደ ታችኛው ይወርዳል።

አሁን ሁለት ችግር አለባችሁ።

አንደኛው የውሃ ችግር ነው። ሩዝ ከሁሉም በላይ ውሃ የሚፈልገው መጀመሪያ ላይ፣ መሬቱ ርሶና ለስልሶ ችግኝ ሲተከል ነው። ተፋሰሱ ውስጥ ያለው ገበሬ ሁሉ በአንድ ሳምንት «ማሳዬን ልሙላ» ካለ ወንዙ አይበቃም። ስለዚህ የሚሻለው በተራ በተራ መትከል ነው።

ሁለተኛው የተባይ ችግር ነው። የሩዝ ተባይ የእናንተንና የጎረቤታችሁን ድንበር አያውቅም። እናንተ አጭዳችሁ ስትጨርሱ የጎረቤታችሁ ሩዝ ገና ለጋ ከሆነ፣ ተባዩ በቃ ወደዚያ ይሻገራል። የእሱ ሲታጨድ ደግሞ ወደ እናንተ ይመለሳል፤ ረሃብ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰፊ አካባቢ በአንድ ጊዜ ተክሎ፣ በአንድ ጊዜ አጭዶ፣ ማሳው ለጥቂት ሳምንታት ጦም ቢያድር ግን ተባዩ የሚበላው ያጣል። ስለዚህ የሚሻለው አብሮ መትከል ነው።

አያችሁት አይደል? ውሃው «በተራ ትከሉ» ይላል፤ ተባዩ «አንድ ላይ ትከሉ» ይላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማስደሰት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ሰው አንድ ላይ ይትከል?» የሚል ይሆናል። አሥር? መቶ? ደሴቱ በሙሉ? ይህንን ማን ይወስን?

ሱባክ፦ የውሃ ዕድር

ባሊያውያን ለዚህ ጥያቄ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቅ መልስ አላቸው፤ ስሙ ሱባክ ይባላል። ሱባክ ከአንድ የውሃ ምንጭ የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች ማኅበር ነው። ዕድርን አስቡ፤ አባላት አሉት፣ የሚመርጡት ዳኛ አለው፣ ሕግ አለው፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ቦይ ሲደፈን አባላቱ ወጥተው ይጠርጋሉ። ውሃው የሚከፋፈለው በቦዩ ላይ በተጋደመ እንጨት ነው። እንጨቱ ላይ በተጠረበው ጥርብ ስፋት መጠን ለእያንዳንዱ ድርሻው ይፈስሳል። ድርሻው በዓይን ስለሚታይ «አጭበረበርከኝ» የሚል ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ግን አንድ ሱባክ ብቻውን የተባዩን ችግር አይፈታም፤ ማሳው ትንሽ ነውና። እዚህ ላይ የውሃ ቤተ መቅደሶች ይመጣሉ። ወንዝ በተጠለፈበት፣ ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ሁሉ ቤተ መቅደስ አለ። ከዚያ ውሃ የሚጠቀሙት በርካታ ሱባኮች ተወካዮቻቸውን ወደዚያ ይልካሉ። ሥርዓተ አምልኮው እንዳለ ሆኖ፣ «ዘንድሮ ማን መጀመሪያ ይተክላል? መቼ ጦም እናሳድር?» የሚለውም እዚያው ይወሰናል። ከሁሉ በላይ ያለው በባቱር እሳተ ገሞራ አፍ ዳር ያለው ቤተ መቅደስ ነው። እዚያ የባቱር ሐይቅ እመቤት ተብላ የምትታመነው ዴዊ ዳኑ ትከበራለች። የዚህ ቤተ መቅደስ ሊቀ ካህን አዲስ ሱባክ ሲመሠረት ወይም በውሃ ላይ ጠብ ሲነሳ የሚደመጥ ድምፅ አለው። የየቀኑን የውሃ ሥራ ግን አያዝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊከነክናችሁ ይገባል። ላይ ያለው ገበሬ ውሃውን በእጁ ይዞ ሳለ ለምን ለታችኛው ያካፍላል? ደግነት ብቻ ነው? መልሱ ተባዩ ላይ ነው። ታችኛው ውሃ አጥቶ ዘግይቶ ከተከለ፣ ከእሱ ማሳ የሚነሳው ተባይ ወደ ላይ ይወጣል። የታችኛው ፍርሃት ጥማት ነው፤ የላይኛው ፍርሃት ተባይ ነው። ሁለቱ ፍርሃቶች ተመጣጥነው ሁለቱንም ወደ አንድ ስብሰባ ያመጧቸዋል። ወታደርም ፖሊስም አላስፈለገም።

«ትልቅ ውሃ ትልቅ መንግሥት ይፈልጋል»

የታሪክ ሰዎች ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብለው አልጠበቁም። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ካርል ዊትፎገል በ1957 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ፣ ሰፊ የመስኖ ሥራ ኃያል ማዕከልና ብዙ ቢሮክራት ይወልዳል ብሎ ተከራከረ። ግድብ፣ ቦይ፣ የጉልበት ሠራተኛ፣ የውሃ ተራ... ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚያዝ ከሌለ እንዴት ይሆናል? ሐሳቡ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ባሊ ግን ለዚህ ሐሳብ አስቸጋሪ ምሳሌ ሆነች። ደሴቲቱ ነገሥታት ነበሯት። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1980 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው ግን ነገሥታቱ ይበልጥ የሚደምቁት በክብረ በዓልና በሥርዓት ነበር፤ ውሃው በሱባኮች እጅ ነበር። ደቾች በ1906 እና በ1908 ደቡባዊ ባሊን በጦር ሲይዙም ይኸው ቀጠለ። ቅኝ ገዢዎቹ ለግብር ሲሉ መሬቱን መዘገቡ፤ ቤተ መቅደሶቹን ግን «የሃይማኖት ጉዳይ ነው» ብለው በሌላ መዝገብ አስቀመጧቸው። ይህ አመዳደብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በኋላ ግን ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

ፓኬጁ ከጃካርታ መጣ

አሁን ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ እንምጣ። ኢንዶኔዥያ ነፃ አገር ሆናለች፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ የሚበቃ ሩዝ ግን የላትም። ከውጭ እየገዛች ነው የምትበላው። የሱሃርቶ መንግሥት ሥልጣን እንደያዘ ከትላልቅ ዓላማዎቹ አንዱ ሕዝቡን በገዛ አገሩ ሩዝ መመገብ ሆነ።

መሣሪያውም በእጅ ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም በ1966 አይአር 8 የተባለ ምርጥ ዘር አውጥቶ ነበር። አገዳው አጭር ነው፣ ማዳበሪያ ሲሰጡት አይወድቅም፣ ምርቱም ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዝርያዎች ደግሞ ከድሮው ሩዝ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ። ጃካርታ ምርጥ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና ፀረ ተባዩን በአንድ ፓኬጅ አድርጋ በብድር ለገበሬው አቀረበች። ከፓኬጁ ጋር አንድ መልእክት አብሮ መጣ፦ «የቤተ መቅደሱን ቀን አትጠብቁ፤ ውሃ ካላችሁ ትከሉ፤ ቶሎ ቶሎ ትከሉ።»

ባለሥልጣናቱን ክፉ አድርጋችሁ አትሳሏቸው። የተራበ ሕዝብ አለ፤ ዘሩ በዓመት ሁለቴም ከዚያ በላይም ሊታጨድ ይችላል። ታዲያ ማሳውን ጦም ማሳደር ብክነት አይመስልም? በዚያ ላይ ቤተ መቅደሶቹ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ «ሃይማኖት» በሚለው ሥር እንጂ «መስኖ» በሚለው ሥር የሉም። ገበሬው «ወደ ቀድሞው ተራችን እንመለስ» ሲል ለባለሙያው የሚሰማው አጉል ልማድ ነው።

መጀመሪያ ላይ ምርቱ እውነትም ጨመረ። ከዚያ ግን ነገሩ መፍረስ ጀመረ። ሁሉም በየፊናው ስለሚተክል የውሃ ተራው ተመሰቃቀለ። ጦም የሚያድር ሰፊ መሬት ስለጠፋ ለተባይ ዓመቱን ሙሉ ግብዣ ሆነ። የሩዙን አገዳ እየመጠጠ የሚያደርቅ አንድ ትንሽ ቡናማ ነፍሳት በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ማሳ ማውደም ያዘ። ይህን ተባይ የሚቋቋም አዲስ ዘር ተሰጠ፤ እሱ ደግሞ በቫይረስ በሽታ ተጠቃ። በሽታውን የሚቋቋም ሌላ ዘር መጣ፤ እሱንም ሌላ በሽታ አገኘው። ፀረ ተባይ በብዛት ተረጨ፤ መድኃኒቱ ግን ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶችና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትም ጨረሳቸው። ጠላቱ የሞተለት ተባይ ደግሞ ይበልጥ ተባዛ። ዕዳው ግን በገበሬው ላይ ቀረ።

ርቆ መቀመጥ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ ጃካርታ ማየት የምትችለው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነበር፤ ይኸውም ከሄክታር ስንት ቶን እንደተገኘ። የአንዱ ማሳ ጦም ማደር የሌላውን ማሳ እንደሚያድን በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ምን አለ?

በ1980ዎቹ ስቲቨን ላንሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስትና ጄምስ ክሬመር የተባለ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ይህን ነገር በኮምፒውተር ሊፈትሹት ተነሱ። በኦስና በፔታኑ ወንዞች አካባቢ ያሉ 172 ሱባኮችን ወሰዱ። ዝናቡን፣ የወንዙን ፍሰት፣ የሩዙን ዕድገትና የተባዩን እንቅስቃሴ ወደ ሞዴሉ አስገቡ። ከዚያ «ስንት ሱባክ አንድ ላይ ይትከል?» የሚለውን የእኛን ጥያቄ ጠየቁት።

እያንዳንዱ ሱባክ ለብቻው በፈለገው ቀን ሲተክል ተባይ በዛ፤ ምርት ወረደ። ሁሉም ሱባኮች በአንድ ትእዛዝ በአንድ ቀን ሲተክሉ ተባዩ ቀነሰ፤ ግን ውሃው አልበቃም፤ ምርቱ አሁንም ወረደ። ምርቱ ከፍ ያለው በመካከለኛው ስፋት፣ ጥቂት ጎረቤት ሱባኮች በቡድን ሆነው ሲተክሉና ቡድኖቹ ደግሞ ተራ ሲጠባበቁ ነበር። ይህ ስፋት ገበሬዎቹ በውሃ ቤተ መቅደሶቻቸው በኩል ከሚሠሩበት ስፋት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ የመጣው ሙከራ ይበልጥ ይገርማል። ተመራማሪዎቹ ቤተ መቅደሶቹን ከሞዴሉ አወጧቸው። ሱባኮቹ እንዳገኙ በዘፈቀደ እንዲተክሉ አደረጉና አንድ ሕግ ብቻ ሰጧቸው፦ በየዓመቱ ጎረቤትህን እይ፤ ምርቱ ከአንተ ከበለጠ የእሱን የመትከያ ጊዜ ቅዳ። በኮምፒውተሩ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ሲያልፍ ሱባኮቹ ራሳቸው በቡድን በቡድን ተከፋፍለው ተገኙ። የቡድኖቹም አቀማመጥ ከእውነተኞቹ የቤተ መቅደስ ቡድኖች ጋር ተመሳሰለ። ይህን ሥርዓት በአንድ ቀን የነደፈ ብልህ ንጉሥ ወይም መሐንዲስ መኖሩ የግድ አይደለም ማለት ነው። እያንዳንዱ ጎረቤቱን እያየ በማስተካከሉ ብቻ ሊያድግ ይችላል።

ለባሊ መስኖ ፕሮጀክት ገንዘብ ያበደረው የእስያ ልማት ባንክም በ1980ዎቹ መጨረሻ ባደረገው ግምገማ ቤተ መቅደሶቹን ችላ ማለቱ እንደጎዳ ተቀበለ። ገበሬዎቹ ግን ግምገማውን አልጠበቁም፤ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ተራቸው ከዚያ በፊት ተመልሰው ነበር። በ2012 ደግሞ ዩኔስኮ የሱባክን ሥርዓትና መልክዓ ምድሩን በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

«እንግዲያው ማዕከል አያስፈልግም» እንዳትሉ

እዚህ ላይ አንባቢው «በቃ፣ የአካባቢው ሰው አሸነፈ» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል። ትንሽ ታገሱ።

በመጀመሪያ፣ ምርጥ ዘሩን የትኛውም ሱባክ ብቻውን ሊያወጣው አይችልም ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ሰብስቦ፣ አዳቅሎ፣ ዓመታት መጠበቅ ትልቅ ተቋም ይጠይቃል። ኢንዶኔዥያ በ1984 በሩዝ ራሷን ችያለሁ ለማለት የበቃችው በዚሁ ዘር ነው። ባሊያውያንም ወደ ቤተ መቅደሱ ተራ ሲመለሱ አዲሱን ሩዝ አልጣሉትም።

ሁለተኛ፣ ፀረ ተባዩን ያስቆመው ማን ይመስላችኋል? ጃካርታ ናት። በ1985 እና በ1986 ያ ቡናማ ተባይ በጃቫ ደሴት ላይ እንደገና ሲነሳ የአገሪቱ የሥነ ነፍሳት ባለሙያዎች ምክንያቱን ለመንግሥት አስረዱ። ፕሬዚዳንቱ በ1986 መጨረሻ ላይ 57 የፀረ ተባይ ዓይነቶች ለሩዝ እንዳይውሉ በአንድ ትእዛዝ ከለከሉ። ከዚያም መንግሥት ለፀረ ተባይ ይከፍል የነበረውን ድጎማ አነሳ፤ ገበሬዎችም ጠቃሚውን ነፍሳት ከጎጂው መለየት ማሳቸው ውስጥ እንዲማሩ ተደረገ። አንድ ሱባክ መድኃኒቱን ቢተውና መላው አገር ቢረጭ ምን ዋጋ አለው? ድጎማውን የሰጠው ማዕከሉ ነው፤ ሊያነሳው የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ ዛሬ የባሊን ማሳዎች የሚያስፈራቸው ሌላ ነገር ነው። ቱሪዝም እያደገ ሲሄድ መሬቱም ውሃውም ወደ ሆቴልና ወደ ቪላ እየሄደ ነው። ሱባክ የውሃ ተራ ማውጣት ይችላል፤ አባሉ መሬቱን ለባለ ሆቴል እንዳይሸጥ ማድረግ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ለዚያ የመሬት አጠቃቀም ሕግና ሕጉን የሚያስከብር መንግሥት ያስፈልጋል።

ከአንበጣው እስከ የውሃ አባት

ይህን መለኪያ ይዘን ለአፍታ ወደ አገራችን እንምጣ፤ ተባይ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። የበረሃ አንበጣ መንጋ ነፋስ ከቀናው በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። በ2019 እና በ2020 ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን ሲያጠቃ ያያችሁት ነው። ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ፣ እየጮኸ፣ ጅራፍ እያጮኸ ከማሳው ሊያባርረው ይሞክራል፤ ቢሳካለት እንኳ አንበጣው የጎረቤት ወረዳ ላይ ያርፋል። እንቁላሉን የጣለበት በረሃ ደግሞ ሌላ አገር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ፈርመው የአንበጣ መከላከያ ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት። ለዚህ ተባይ ቀበሌም ወረዳም አይበቃም፤ አንድ አገር እንኳ ትጠባለች።

በአንፃሩ በአማራ ክልል በብዙ ባህላዊ የመስኖ ቦታዎች «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ፤ በትግራይ «ኣቦ ማይ» ይሉታል። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚያጠጣ ተራ ያወጣል፣ ተራ የሰረቀውን ያስቀጣል፣ ቦይ ጠረጋ ያስተባብራል። የዚያችን ጠለፋ ውሃ ማን ሰኞ ማን ማክሰኞ እንደሚጠጣ ከአዲስ አበባ ሆኖ መወሰን ግን የሚያስቅ ነው።

እንግዲህ ከባሊ የምንማረው ይህ ነው። «ማዕከላዊ ይሻላል ወይስ ያልተማከለ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ «መርፌ ይሻላል ወይስ ማረሻ?» እንደማለት ነው። የውሳኔው ስፋት ከችግሩ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት። ችግሩ ከአንድ ቦይ የማያልፍ ከሆነ ውሳኔውም ቦዩ ዳር ይሁን። ችግሩ ተፋሰሱን የሚያዳርስ ከሆነ የተፋሰሱ ሰዎች ይሰብሰቡ። አገር የሚያቋርጥ ከሆነ ደግሞ አገሮች ይስማሙ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ትራንስፖርት ወይም ስለ ውሃ «ማን ይወስን?» የሚል ክርክር ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። የዚህ ውሳኔ ጉዳትና ጥቅም እስከ የት ይደርሳል? ጉዳዩን በቅርብ የሚያየው፣ መረጃው ያለው ማን ነው? ውሳኔው ቢበላሽ ማን ቶሎ ያውቃል፣ ማንስ ማስተካከል ይችላል? ጃካርታ የመጀመሪያውን ጥያቄ በምርጥ ዘር ጉዳይ ላይ በትክክል መልሳለች። በመትከያው ቀን ላይ ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሳትጠይቅ ወሰነች። የዚያን ዋጋ የከፈሉት የባሊ ገበሬዎች ናቸው፤ መልሱን ይዘው ተራራው ላይ የተቀመጡትም እነሱው ነበሩ።